በጥር የተቦካ ጭቃ

አንድ ቃል አስቀድመን እንፍታ። ጭቃ ማለት አፈርና ውሃ ሰውን ሳያማክሩ ሲስማሙ የሚገኝ ነገር ነው። ከአፈር ይለያል፤ አፈር ይረገጣል፣ ጭቃ ግን የረገጠውን ይይዛል። ከውሃም ይለያል፤ ውሃ ይሄዳል፣ ጭቃ ግን አይሄድም፣ የሚሄድ ሰውም አይወድም። ሊቃውንት ስለ ጭቃ ብዙ አልጻፉም፤ ምናልባት ሊጽፉ ሲነሡ ጫማቸውን ሲጠርጉ መሽቶባቸው ይሆናል። አንዲት ትንሽ ደጋማ ሀገር ግን ነፃነቷን ያገኘችው በጭቃ ስለሆነ፣ እኛ ነገሩን እንዲሁ ልናልፈው አንችልም።

በዚያች ሀገር ባዕድ ገዥ ለረጅም ዘመን ተቀምጦ ነበር። የገባው በበጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበርና አገሩን ወደደው። ሕዝቡን ስለሚፈራ ጦርና ጋሻውን ቀማ፤ ማጭዱንና ዶማውንም በየማታው ሰብስቦ ይቆልፍ ነበር። ሕዝቡም እንቢ ሲለው፣ ሲሸፍትበት፣ ሲሞትም ሲገድልም ኖሮ፣ በመጨረሻ ገዥው ሰለቸው። አንድ የሐምሌ ቀን ጓዙን በሠረገላ ጭኖ ወደ ሀገሩ ሊመለስ ተነሣ።

ድንበሩ ላይ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ዋልካ መሬት አለ። ዋልካ በክረምት ምን እንደሚሆን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ገዥው ገበሬ አልነበረም። ሠረገላው እስከ መንኮራኩሩ ወገብ ሰመጠ፤ በቅሎዎቹ ልጓማቸውን በጥሰው ጠፉ። ገዥው ጫማው እንዳይበላሽ አልወርድም አለ። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ዝናብ እየወረደበት ዝም ብሎ ያየው ጀመር። አንዱ እንግደለው ሲል፣ ሌላው እዚሁ ይበስብስ ሲል፣ ዘርትሁን የምትባል ገና ያላገባች ልጅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ «ምን ትገተራላችሁ? ሊሄድልን አይደል እንዴ? ግፉት እንጂ!» አለች።

ገፉት። ዶማው ከማታው እንደተቆለፈ ነበርና ብረት የያዘ ሰው አልነበረም፤ በትከሻ ብቻ ገፉት። ሠረገላው ወንዙን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ሲቆም ዘርትሁን «ወጣ!» ብላ ጮኸች፤ ሕዝቡም እዚያው ጭቃው ውስጥ ጨፈረ። ሌሎች ሀገሮች ጠላታቸውን አባረሩ፤ እነዚህ ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ «ግፊያ» የሚባል በዓል ይከበራል። ሠረገላ ዋልካው ላይ ያቆማሉ፤ አንድ ሰው የገዥውን ካባ ለብሶ ይቀመጥበታል፤ ሕዝቡም ብረት ሳይነካ በትከሻው ገፍቶ ያሻግረዋል። የተቀመጠው ሰው ወንዙን ሳይሻገር መውረድ አይችልም፤ ያኛውም አልወረደምና። ዘርትሁን፣ አሁን እማማ ዘርትሁን፣ ማዶ ቆማ «ወጣ!» ካላለች ደግሞ ሀገሪቱ ለዚያ ዓመት ነፃ አልወጣችም ይባላል። በዚህ የሚስቅ እንግዳ አለ። የሀገሩ ሰው ግን አይስቅም፤ ማለት፣ በጣም ይስቃል፣ ግን በዚህ አይደለም።

ዘመን አለፈና ወጣት ንጉሥ ነገሠ። የድሮው ባዕድ ሀገርም ወዳጅ ሆኖ ለበዓሉ መልእክተኛ ይልክ ጀመር። መልእክተኛው በሐምሌ ይመጣል፣ ይረጥባል፣ ያስነጥሳል፣ ይመለሳል። አንድ ዓመት ሲሰናበት እጅ ነሥቶ፣ «ያማረ በዓል ነው ግርማዊ ሆይ፤ ብቻ ወቅቱ…» አለና ሳይጨርሰው ሄደ። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ንጉሥን የሚያስጨንቀውን ያህል ጦር አያስጨንቀውም። ንጉሡ አጋፋሪውን ወንድይራድን አስጠራ። አጋፋሪ ወንድይራድ በቤተ መንግሥቱ ግብር የሚያሰናዳ፣ እንግዳ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሰው ነው።

«ወንድይራድ፣ ግፊያን ወደ ጥር አዙረነዋል።»

«መልካም ሐሳብ ነው፣ ጃንሆይ» አለ ወንድይራድ። በቤተ መንግሥት ብዙ ስለኖረ ይህን ቃል ገና ነገሩን ሳይሰማ ማለት ይችል ነበር። ቀጥሎ ግን አሰበና፣ «ጃንሆይ፣ በጥር ጭቃ የለም» አለ።

«ይቦካ።»

ወንድይራድ ደስ እያለው ወጣ። ደስ ያለው በምክንያት ነው። አንዲት ልጅ አለችው፤ አስካለ ትባላለች። ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበርና አንዱ ዳስ ለሁለቱም ድግስ ይበቃል። በዚያ ላይ ዝናብ ስለሌለ የገዥው ካባ አይበላሽም። ስለዚህ የዘንድሮውን ገዥ ራሱ ሊሆን ወሰነ። መልኩም ለገዥነት የሚሆን ነው ብለው ሰዎች ነግረውታል፤ እርሱም አልተቃወመም።

ጭቃ የሚያቦኩ ሰዎች ተጠሩ። እነዚህ ሰዎች የቤት ግድግዳ ሲመርጉ የኖሩ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ውሃ ከቀጠነው ወንዝ አስቀዱ፣ ዋልካውን አራሱ፣ በእግራቸው እየረገጡ አቦኩ። ሠረገላው ቆመበት። ጭቃውም በጣም ያማረ ጭቃ ነበር፤ ምክንያቱም እንደ ወጉ ጭድ ጨምረውበታል። ያለ ጭድ ጭቃ ማን ያቦካል?

የበዓሉ ቀን ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። መልእክተኛው ሳያስነጥስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ፀሐይዋም ጥሩ ነበረች። መልእክተኛው መለሰ። ባለ ቅኔ ተነሣ። ሌላ ባለ ቅኔ እኔስ ብሎ ተነሣ። በመጨረሻ ሕዝቡ ትከሻውን ሰጥቶ «ሆ!» ሲል፣ ሠረገላው ምንም አላለም።

እንደገና ገፉ። አሁንም አልተነቃነቀም። ካባውን ለብሶ ከላይ የተቀመጠው ወንድይራድ፣ «በርቱ እንጂ! እኔን ለማስወጣት ይህን ያህል ማመንታት ደግ ነው እንዴ?» ብሎ አሾፈ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ሦስተኛ ሲገፉ የሠረገላው እንጨት ሲጥጥ አለ እንጂ መንኮራኩሩ አልዞረም። እማማ ዘርትሁን ከማዶ ወንዙን ተሻግራ መጣች፤ ወንዙ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። በምርኩዟ ጭቃውን መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን አዘነበለች።

«ይኼ ሠረገላ አይደለም» አለች፤ «ቤት ነው። በር ብቻ ነው የቀረው።»

ንጉሡ ውሃ ይጨመርበት አለ። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች እንስራቸውን አስቀመጡ፤ «ጃንሆይ፣ ወንዙ ለከብቱም አልበቃ። ሰው የሚጠጣውን ለሠረገላ አናጠጣም» አሉ። ዶማ ይምጣ እንዳይባል ብረት አይነካውም። እንግዳው ተሰናበተ። ሕዝቡም ወደየቤቱ ለመሄድ ተነሣ።

ወንድይራድ፣ «እንግዲህ እኔም ልውረድ» ብሎ አንድ እግሩን ወደ ውጭ ሰደደ።

«እግርህን መልስ!» አለች እማማ ዘርትሁን።

እግሩ አየር ላይ ቆመ።

«ያ ሰውዬ አፈራችንን ሳይረግጥ ነው የሄደው። ገዥ ከሠረገላው ወርዶ መሬታችን ላይ ከቆመ፣ ሊቀመጥ መጣ ማለት ነው። ያንን እንዳላይ ነው እኔ እስካሁን የኖርኩት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ወንድይራድ ነኝ! ልጄን የምድረው የዛሬ ሳምንት ነው!»

«ካባውን ስትለብስ ማን ነኝ አልክ?»

ወንድይራድ ዙሪያውን አየ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። እግሩን መለሰ።

ሠርጉ ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ። ሠረገላው ላይ ዳስ ጣሉለት፣ መኝታ አነጠፉለት፣ ምግቡን አስካለ ታመላልስለት ጀመር። ለሌላው ጉዳይ ጣሳ ነበረ፤ መንገደኛውም ፊቱን ያዞር ነበር። ባህል ጥብቅ ቢሆንም ፊት ማዞር ያውቃል።

መጀመሪያ ላይ ወንድይራድ ተናደደ፤ ቀጥሎ አዘነ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ስላልነበረው ማየት ጀመረ። ይህ ሰው ከልጅነቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለኖረ የወቅት መለወጥን የሚያውቀው በመጋረጃ ነው፤ ወፍራሙ ሲሰቀል ክረምት፣ ስሱ ሲሰቀል በጋ። አሁን መጋረጃ የሌለው ቤት ውስጥ ተቀመጠ። በየካቲት ዋልካው ሲሰነጠቅ አየ፤ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ኋላ የሰው ክንድ እስኪገባ። መጋቢት ላይ ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ እያሽከረከረ በሜዳው ሲያልፍ አየ። ገበሬው ባዶ ሰማይ ሥር ቆሞ ደመና እንዳለ ሁሉ አንጋጦ ሲያይ አየና ሳቀበት፤ በሳምንቱ ራሱም አንጋጦ ተገኘ።

መንገደኛውም ጓደኛ ሆነው። ገበያ ሲወርዱ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «እንደምን አደሩ፣ ገዥያችን? ዛሬም አልሄዱም?» ይሉታል።

«ዛሬም አልገፋችሁኝም» ይላቸዋል።

«ቅር እንዳይልዎት፤ በጣም እንዲሄዱልን እንፈልጋለን።»

«እኔም ብሄድ አልጠላም!»

ንጉሡን ግን ጨዋታው አላስደሰተውም። የቤተ መንግሥቱን አጥር ለማጠር ሰው ሲያስጠራ ሕዝቡ እጅ ነሥቶ፣ «ጃንሆይ፣ በዚህ ዓመት ገና ነፃ አልወጣንም። ገዥው ዋልካው ላይ ነው ያለው፤ ትእዛዙን እርሱ ይስጠን» አለ። ወንድይራድን ቢጠይቁት ደግሞ፣ «እኔ መንገደኛ ነኝ፤ በሰው ሀገር አጥር አልገባም» አለ። አጥሩ ሳይታጠር ቀረ፤ የቤተ መንግሥቱ ፍየሎች በጣም ደስ አላቸው።

ሚያዝያ ሲገባ የበልግ ዝናብ አንድ ከሰዓት ጣለ። ሰው ሥራውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ገፉ። ላይ ላዩ ብቻ ረጥቦ ነበርና ገፊው ሁሉ እየተንሸራተተ በደረቱ ተኛ፤ ሠረገላው ግን እንደ ቆመ ቆመ። ጭቃ የነካ አፍንጫውን ይዞ የተነሣው ሁሉ ሌላውን እያየ ሲስቅ፣ ወንድይራድም ከላይ ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን አንገቱን ደፋ። ጥር አልፏል፤ ጾሙ ገብቶ ወጥቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ያለችው ጥቂት የሠርግ ጊዜም እያለቀች ነው።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል የሙሽራው አባት አቶ ይመኑ መጡ። ደግ፣ ግን ትዕግሥታቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ከሠረገላው ሥር ቆመው፣ «ወንድሜ ወንድይራድ፣ ግንቦት ሊገባ ነው፤ በግንቦት አይዳርም። ከዚያ በኋላ ክረምት ነው። በክረምት ማን ይድራል? ወይ በዚህ ሳምንት ከደጃፍህ ቆመህ ልጅህን መርቀህ ስጠን፣ ወይ ነገሩ ይቅር» አሉ። አስካለ ከጎን ምሳ ይዛ ቆማ ነበር። ምሳውን አላስቀመጠችም።

በዚያው ሰዓት ንጉሡ በበቅሎ ደረሰ። ለዚህች ነገር መፍትሔ ሊሰጣት ቆርጦ የመጣ ሰው ፊት ነበረው።

«ወንድይራድ፣ በቃ። እኔ ፈቅጄልሃለሁ፤ ውረድ። ልጅህን ዳር።»

ሁሉም ወደ ላይ አየ። ወንድይራድ መጀመሪያ ልጁን አየ፤ ቀጥሎ መሬቱን አየ። የተሰነጠቀው አፈር ከእግሩ ሥር አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ስንጥቁን አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ በየትኛው ጉንዳን እንደሚገባ፣ በየትኛው ሳር እንደሚበቅል። ያን አፈር መርገጥ እንደዚያን ቀን አምሮት አያውቅም።

«መልካም ሐ…» አለ ከልማዱ የተነሣ፤ ከዚያ አፉን ዘጋ። «ጃንሆይ፣ አልወርድም» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«እኔ ብወርድ ወንድይራድ ወረደ የሚል የለም። ገዥው ወረደ ነው የሚባለው። ጥር ላይ ቢጠይቁኝ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው እል ነበር። አሁን ግን እዚህ ተቀምጬ ይህን መሬት ሳየው ከረምኩ፤ ደረቱ ላይ ባዕድ ሆኜ ልቆምበት አልፈልግም። እንደ ልጁ ነው የምረግጠው። ሐምሌ ይምጣ።» ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። «አስካለ፣ ልጄ፣ በአንቺ ላይ ነው የፈረድኩት። ይቅር በይኝ።»

አስካለ ምሳውን ወደ ላይ አቀበለችው። «አባዬ፣ ራሱ ነፃ ያልወጣ ሰው ልጁን እንዴት ይድራል? ሐምሌ ይሁን» አለችና ወደ አቶ ይመኑ ዞረች። «እኔ እጠብቃለሁ። ልጅዎ ዝናብ የሚፈራ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

አቶ ይመኑ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ኧረ አይፈራም» አሉ። ሳይጠይቁት ነው የመለሱለት፤ ግን ልክ ነበሩ።

ንጉሡ ግን ተጨነቀ። «ሐምሌ ከሆነ እንግዶቹን ምን እንበላቸው? እንደገና ዝናብ ነው እንበላቸው?»

እማማ ዘርትሁን እስከዚያ ድረስ ከሠረገላው ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። «የትኞቹን እንግዶች ጃንሆይ? በትከሻዬ ገፍቼ ያወጣሁትን ሰውዬ?» አለች። «ይምጣ፣ እንግዳ ነው፣ ይብላ፣ ይጠጣ፤ ክፉ አልመኝለትም። ግን የደስታችንን ቀን የሚመርጥልን እርሱ ከሆነ፣ እኛ ያን ቀን የገፋነው ምኑን ነው? ዕቃውን ብቻ ነዋ!»

ንጉሡ ወጣት እንጂ ሞኝ አልነበረም። በቅሎውን አዞረ። ከሄደ በኋላ ቀኑ ወደ ቦታው ተመልሷል የሚል ዐዋጅ ተሰማ። ምክንያት አልተሰጠም፤ ምክንያት የሌለው ዐዋጅ ብዙ ጊዜ የተጸጸተ ዐዋጅ ነው።

ሰኔ ገባ። ደመናው ከምዕራብ እየተደራረበ መጣ፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ዋልካው የረጅም ጊዜ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ተነፈሰ፤ ሽታውም አገሩን ሞላ። ስንጥቆቹ እየጠጡ እየጠጡ ተዘጉ። ሜዳው በጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆነ። ጭዱ እየበሰበሰ፣ ያ ያማረ ግድግዳ እየላላ ሄደ። ወንድይራድ ዳሱ እያፈሰሰበት፣ ካባው ከትከሻው ላይ እየከበደ፣ ሊዘፍን ሞከረ፤ ድምፅ እንደሌለው ያን ጊዜ ነው ያወቀው፤ ማንም ስላልከለከለው ቀጠለ።

ሐምሌ ተጋመሰ። ዝናቡ በገመድ እንደሚወርድ ሆኖ ይወርዳል። የሀገሩ ሰው ሁሉ መጣ። መልእክተኛውም መጣ፤ ዘንድሮ ግን እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦት ጫማ አድርጎ ነው። ንጉሡ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቅልሎ ከገፊዎቹ መሐል ገባ። በመጀመሪያው «ሆ!» ተንሸራቶ በአፍጢሙ ተደፋ። ሕዝቡ ለማክበር ሲል ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ንጉሡም ከጭቃው ቀና ብሎ፣ «ምን ትስቃላችሁ? ግፉ እንጂ!» አለ፤ እማማ ዘርትሁን ከማዶ ይህን ሰምታ እልል አለች። መልእክተኛው ጥቂት ቆሞ አየና መጥቶ ትከሻውን ከንጉሡ ጎን ሰጠ። ተገፍቶ የወጣው ወገን ራሱ ከገፊዎቹ ጋር ሲገፋ የታየበት ሌላ በዓል መኖሩን አናውቅም።

ዋልካው መጀመሪያ መጠጠ፣ ከዚያ ሳበ፣ ከዚያ ደግሞ ላም ከማጥ ስትወጣ እንደሚሰማው ድምፅ አሰምቶ ለቀቀ። ሠረገላው ሄደ! ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ወንዶቹ እየፎከሩ፣ አቶ ይመኑ ባርኔጣቸውን በጎርፍ እያስወሰዱ ወንዙን አሻገሩት።

«ወጣ!» አለች እማማ ዘርትሁን። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ወንድይራድ በማዶው ዳር ወረደ። ካባውን አወለቀና ሠረገላው ላይ ጣለው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ ወገቡን በውሃ ተይዞ፣ በባዶ እግሩ ወደ ሀገሩ ተሻገረ። ሲደርስ ጭቃው እግሩን ያዘው። አልተቸኮለም፤ እንዲይዘው ተወው። አስካለ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በደጃፉ ቆሞ አይደለም የመረቃት፤ እዚያው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰምጦ፣ «እንደ ሐምሌ ዝናብ ያብዛችሁ» ብሎ እርሷንና ሙሽራውን መረቃቸው። ሠርጉም በዚያው ቀን ሆነ፤ ሙሽራውም ጭቃ፣ ሙሽሪትም ጭቃ፣ ሚዜዎቹማ ከነጭራሹ ማን ማን እንደሆኑ አይለዩም ነበር። ያን ያህል የተጨፈረበት ሠርግ በጥርም ታይቶ አይታወቅም።

ይህን ታሪክ የነገሩን ሰዎች ትምህርቱን ለአንባቢ መተው አልወደዱም፤ እኛም አንተውም። የሀገር ደስታ እንደ እህሏ ነው፤ በራሷ ወቅት፣ በራሷ አፈር ይበቅላል። ለእንግዳ ምቾት ብሎ ወቅቱን ያዛወረ ሰው እንግዳውን ገና አልሸኘውም፤ ሳያውቀው ራሱ ካባውን ለብሶ በእንግዳው ቦታ ተቀምጧል። እንግዳን መውደድ ግን ደግ ነው፤ ቦት ጫማ አድርጎ እስከመጣ ድረስ። አንተስ፣ አንባቢ ሆይ፣ አንቺስ፣ ሌላ ሰው ሳይጨርሰው በተወው ዓረፍተ ነገር ምክንያት ያዛወራችሁት በዓል በቤታችሁ የለም?

ያች ሀገር በዚያ ዓመት ነፃ የወጣችው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ዓርብ ሁሉም ወደ አረሙ ሄደ።